ከሙጃ ስለ ደረሰን ደብዳቤና ስለ ክላሪኔት ነፊ ሙያ



ባለፈው ወር ከላስታ ደጋ፣ ከሙጃ፣ አንድ ደብዳቤ ደረሰን። የጻፉልን ሰው የሥጋ ዘመዳችን ሲሆኑ በገብስ እርሻና በበግ እርባታ የሚተዳደሩ፣ በአገራቸውም ጠብ በማብረድና ባላጋራን በማስታረቅ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ስማቸውን ብናነሣው ስለማይወዱ ትተነዋል፤ ነገሩ ግን የብዙ ቤት ነገር ስለ ሆነ በዚህ በቤተ ሰብ ዐምዳችን እንድናወጣው ጠይቀናቸው ፈቅደውልናል።

የደብዳቤው ፍሬ ነገር ይህ ነው። ሁለተኛው ወንድ ልጃቸው ከሕፃንነቱ ጀምሮ በግ ሲጠብቅ ዋሽንት ይነፋ ነበር። ትምህርቱንም እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ በመልካም ውጤት ፈጸመ። አባትየውም ልጁ ሕግ ተምሮ እንደኛ ከችሎት እንዲቀመጥ፣ ይህም ባይሆን ሒሳብ ዐዋቂ እንዲሆን ሲመኙለት ሳለ፣ እርሱ «የምማረው ክላሪኔት ነው፤ አዲስ አበባ ወርጄ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት እገባለሁ፤ ከዚያም ባሕር ማዶ ተሻግሬ ነፊና አስተማሪ እሆናለሁ» ብሎ ቍርጡን ነገራቸው። እናቱ አለቀሱ። አጎቱ «ከዘራችን አዝማሪ አልነበረም» ብለው ተቈጡ። አባትየው ግን እንደ ልማዳቸው ሁለቱንም ወገን ሰምተው ሳይፈርዱ ቈዩና ሦስት ጥያቄ ጻፉልን፤ ይኸውም ይህ ነገር እንጀራ ይሆናልን? ነውርስ አይደለምን? ልጄ ከሄደ ይመለሳልን? የሚል ነው።

እውነቱን ለመናገር መልሱን ቶሎ ልንሰጣቸው አልቻልንም። ስለ ድንበር ክርክር ወይም ስለ ውርስ ጠይቀውን ቢሆን ኖሮ አንቀጹን ጠቅሰን በዚያው ቀን በመለስን ነበር። በዚህ ነገር ግን መዛግብት ማገላበጥና የሚያውቁ ሰዎችን መጠየቅ አስፈለገን። ያገኘነውንም እነሆ እናቀርባለን። የዘመኑ ቍጥር ሁሉ የተጻፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው፤ ነገሩ አብዛኛው የተፈጸመው በባሕር ማዶ ስለ ሆነ።

በመጀመሪያ ስለ መሣሪያው ጥቂት እንናገር፤ አጎትየው የተቈጡበትን ዕቃ በዐይናቸው አይተውት እንደማያውቁ ተረድተናልና። ክላሪኔት ከጥቁር ጠንካራ እንጨት የተሠራ፣ ርዝመቱ ወደ 66 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ ቀዳዳዎቹ በብር መልክ በተሠሩ ቍልፎች የሚከደኑና የሚከፈቱ የትንፋሽ መሣሪያ ነው። የአፉ መግቢያ እንደ ወፍ ምንቃር የሾለ ሲሆን ከምንቃሩ ሥር አንዲት ስስ ልሳን ትታሰርበታለች። ነፊው ሲተነፍስ ልሳኗ ትርገበገባለች፤ ድምፁም ከዚያ ይወለዳል። ይህንን መሣሪያ በ1700 ገደማ በጀርመን አገር በኑረንበርግ ከተማ የሠራው ዮሐን ክሪስቶፍ ዴነር የሚባል የእጅ ጥበብ ሰው ነው ይባላል።

አሁን አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ነገር አለ። ዛሬ መልካም ክላሪኔት የሚቀረጽበት ጥቁር እንጨት የአውሮፓ እንጨት አይደለም። በታንዛንያና በሞዛምቢክ ተቈርጦ ወደ አውሮፓ የሚጫን የአፍሪቃ ቈላ ዛፍ ነው፤ በአገራችንም በምዕራቡ ቈላ ይበቅላል። ልሳኗ የምትላጭበት ተክል ደግሞ በደቡብ ፈረንሳይ በባሕር አጠገብ የሚለማ ቢሆንም፣ እኛ ከወንዝ ዳር የምናውቀው፣ እረኞቻችንም ለዋሽንት የሚቈርጡት ሸምበቆ ራሱ ነው። የሙጃው ልጅ ከእጁ ያለውን ሸምበቆ ትቶ ወደ ባዕድ ነገር የሄደ መስሏቸው ያዘኑት ዘመዶቹ ይህን ቢያውቁ ኖሮ ኀዘናቸው በጥቂቱ ይቀል ነበር ብለን እናስባለን።

ይህም ሲሆን ዋሽንት የነፋ ሁሉ ክላሪኔት ይነፋል ማለት አይደለም። ዋሽንት ልሳን የለውም፤ ትንፋሹ የሚሰነጠቀው በሸምበቆው ጠርዝ ነው። ብዙ ጊዜ ቀዳዳው አራት ስለ ሆነ ዋሽንተኛው ቅኝቱ ሲለወጥ ዋሽንቱንም ይለውጣል፤ ስለዚህ አጭርና ረጅም አድርጎ ብዙ ይይዛል። ክላሪኔት ግን በአንዱ ቱቦ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ሁሉንም ይወጣል። ጣትንም የሚያሳስት ጠባይ አለው። ዋሽንት በኀይል ቢነፉት ያንኑ ድምፅ ስምንተኛው ላይ ከፍ አድርጎ ይመልሳል፤ ክላሪኔት ግን ወደ ዐሥራ ሁለተኛው ድምፅ ይዘላል። በዚህም ምክንያት በታችኛው ድምፅ የለመደ ጣት በላይኛው እንደ ገና ፊደል መቍጠር አለበት።

እኛም ራሳችን ይህን በመከራ ቀምሰነዋል። በቄስ ትምህርት ቤት ሳለን ሸምበቆ ቈርጠን ዋሽንት አበጅተን ነበር፤ መምህራችን አገኙብንና በጕልበታቸው ሰብረው ጣሉት፤ በቅጣትም ከዳዊት ያልደረስንበትን መዝሙር ጨመሩብን። ኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት አንድ ባዕድ አስተማሪ ክላሪኔት ነበራቸውና በዋሽንት ችሎታችን ተማምነን እንድንሞክር ለመንናቸው። ከመሣሪያው የወጣው ድምፅ ጅራቷን የተረገጠች ድመት ከምታሰማው የሚለይ አልነበረም። የዚያን ጊዜ ጓደኞቻችን አሁን ልጆች ወልደው፣ አንዳንዶቹም ሹመት አግኝተው ሳለ ሲያገኙን ድመቷ እንዴት ናት ብለው ይጠይቁናል።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። ነውር ነውን ለሚለው፣ የውጭውን አገር ብንመለከት በዚህ መሣሪያ ጥበበኛ የሆነ ሰው ከደራሲውና ከመስፍኑ ጋር እኩል የሚቀመጥ ነበር። ሞዛርት የተባለው ታላቁ ደራሲ በ1789 ለክላሪኔትና ለአራት ባለ አውታር መሣሪያዎች የደረሰውን፣ በ1791ም ሊሞት ሁለት ወር ያህል ሲቀረው የፈጸመውን የክላሪኔት ኮንሰርቶ የጻፈው ስለ ወዳጁ ስለ አንቶን ስታድለር ሲል ነው። እኛ የመዝገብ ሰዎች ስለ ሆንን ይህንንም ሳንጨምር ማለፍ አልሆነልንም፤ ሞዛርት ከሞተ በኋላ ንብረቱ በተቈጠረ ጊዜ ስታድለር 500 ጉልደን ተበድሮ ያልከፈለ መሆኑ ተጽፎ ተገኝቷል። ነውር ከተባለ ነውሩ ይህ ነበር እንጂ መንፋቱ አልነበረም።

እንደዚሁም ብራምስ የሚባለው ጀርመናዊ ደራሲ ሸምግሎ ብዕሩን ለማስቀመጥ ከወሰነ በኋላ፣ በ1891 ወደ ማይኒንገን መስፍን ቤት ሄዶ ሪቻርድ ሙልፌልድ ክላሪኔት ሲነፋ ሰማ። ከዚህ የተነሣ ውሳኔውን አፍርሶ በዚያው ዓመት ሁለት፣ በ1894ም ሌሎች ሁለት ድርሰቶች ለዚሁ መሣሪያ ጻፈ። ሙልፌልድ ከመስፍኑ ቤት የገባው ቫዮሊን መቺ ሆኖ ነበር፤ ክላሪኔትን የተማረው በራሱ ትጋት ነው። የሙጃው ልጅ ይህን ቢሰማ ደስ ይለዋል።

በአገራችን ግን ነገሩ የተደባለቀ ሆኖ መጣ። ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት የነሐስ መሣሪያዎች ላኩ። በ1924ም ራስ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም ያዩአቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ወደ አዲስ አበባ መጡ። ከዚያም ወዲያ የማዘጋጃ ቤቱ፣ የፖሊሱ፣ የክቡር ዘበኛው የሙዚቃ ጓዶች እየተቋቋሙ ክላሪኔትም ከመለከቱና ከከበሮው ጋር በሰልፍ መሐል ታየ። መኳንንቱ ማርሹን ሲሰሙ ደስ ይላቸው ነበር። ነገር ግን የራሳቸው ልጅ ከነፊዎቹ መስመር ገብቶ ቢያዩት ደስታው ወዲያው ወደ ኀዘን ይለወጥ ነበር። የሙጃው አጎትም እንዲሁ ናቸው፤ ሰርግ ሲደግሱ አዝማሪ ካልመጣ ሰርጉ አልደመቀም ብለው የሚያስፈልጉ እርሳቸው፣ አዝማሪውን ወደ ማዕዳቸው የማያቀርቡም እርሳቸው ናቸው።

ከማዘጋጃ ቤቱ ጓድ ከወጡት አንዱ ጌታቸው መኩሪያ ናቸው። በ1935 በይፋት ተወልደው፣ በ1949 ገና ልጅ ሳሉ ወደ ጓዱ ገብተው ክላሪኔትና ሳክስፎን ተማሩ። ኋላም ሽለላውን፣ ጀግና በጦር ሜዳ የሚፎክርበትን፣ በሳክስፎን ነፉት። በሰባ ዓመታቸው አካባቢ ከሆላንድ አገር ሙዚቀኞች ጋር ተባብረው በአውሮፓ ከተሞች ተደመጡ፤ በ2016 ዐረፉ። የእርሳቸው ሙያ ከክላሪኔት ወደ ሌላ ስለ ዞረ በዚህ እንተወዋለን።

ዶክተር ሙላቱ አስታጥቄም በ1943 በጅማ ተወልደው ወደ ዌልስ የተላኩት መሐንዲስ እንዲሆኑ ነበር። ልብ ግን ወደ ሌላ ሳባቸውና በለንደን በትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ ክላሪኔትን፣ ፒያኖንና የድምፅ ስምምነትን ተማሩ። ከዚያም ወደ ቦስተን ተሻግረው በበርክሊ ተማሩ፤ ዛሬ የሚታወቁበትንም መሣሪያ፣ በበትር የሚመታውን ቫይብራፎን፣ ያዙ። የአገራቸውን አራት ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን፣ ከባሕር ማዶው ስምምነት ጋር አዛመዱ። የሙጃው ዘመዳችን እንደሚያውቁት ባቲና አምባሰል የወሎ አገሮች ናቸው፤ ስማቸው ዛሬ በኒውዮርክና በፓሪስ በሙዚቀኞች አፍ የሚጠራው እንደ ቅኝት ሆነው ነው። ዶክተር ሙላቱ በ2007 እና በ2008 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተጋብዘው ክራርን ስለ ማሻሻል ሠርተዋል። ከሁሉ ይልቅ ግን በየአዳራሹ ደጋግመው የሚያነሡት የደቡቡን የዲራሼ ሕዝብ የቀርከሃ ነፊዎች ነው፤ የውጭ ሊቃውንት ዘግይተው የደረሱበትን የድምፅ አሰላለፍ እነዚያ ገበሬዎች አስቀድመው ይነፉት ነበር ይላሉ። አባት ልጃቸውን ለመሐንዲስነት ልከው ሙዚቀኛ ሆኖ ሲመለስ ምን እንደ ተሰማቸው አልተጻፈም፤ አገር ግን አልተጐዳም።

ለዘመዳችን ጥያቄ ከሁሉ የሚቀርበው የሕይወት ታሪክ ግን የዶክተር አሸናፊ ከበደ ነው። እርሳቸው የታወቁት በደራሲነትና በመምህርነት ነው፤ ሆኖም ክላሪኔትን በኢትዮጵያዊ እጅ በተጻፈ ድርሰት ውስጥ ከተገባው ስፍራ አስቀምጠውታልና ነገራቸውን ሰፋ አድርገን እንናገራለን።

ዶክተር አሸናፊ በ1938 በአዲስ አበባ ተወለዱ። ወደ አሜሪካ ሄደው በሮቸስተር ከተማ በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው በ1962 ተመረቁ። ተመልሰውም የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራችና የመጀመሪያ ዲሬክተር ሆኑ። በዚያ ትምህርት ቤት ፒያኖና ቫዮሊን፣ ክላሪኔትና ትራምፔት ብቻ ሳይሆን ክራርም መሰንቆም ዋሽንትም ትምህርት ሆነው ተሰጡ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እኛ በልጅነታችን የተሰበረብን ሸምበቆ በዚያ ቤት መምህር ተቀጥሮለት፣ ፈተና ወጥቶለት፣ ማዕርግ ይሰጥበት ነበር ማለት ነው።

በ1967 ዶክተር አሸናፊ ወደ ሀንጋሪ ሄደው የመንግሥቱን ኦርኬስትራ በገዛ ድርሰታቸው መሩ። በዚያው ዓመት ኮቱሬዥያ ብለው የሰየሙትን ድርሰት ጻፉ። የተጻፈውም ለአራት ሰው ነው፤ ለፍሉት፣ ለክላሪኔት፣ ለቫዮሊንና ለጃፓኑ ኮቶ። ኮቶ 13 አውታር ያለው፣ በምድር ላይ ተጋድሞ በጣት የሚገረፍ ረጅም መሣሪያ ነው፤ ለ10 አውታሩ በገናችን የሩቅ ዘመድ ይመስላል። ጃፓኖችም እንደኛ በአምስት ድምፅ የሚዜም ቅኝት ስላላቸው ኢትዮጵያዊው ደራሲ ወደ እነርሱ ሲመለከት እንግድነት አልተሰማውም። አንባቢዎቻችን በዐይነ ኅሊናቸው ይመልከቱት፤ የአውሮፓ እጅ የቀረጸው የአፍሪቃ እንጨት፣ ከጃፓን አውታር ጋር፣ የአዲስ አበባ ሰው ባዘዘው ቃል ሲነጋገር። ለፍሉት የደረሱት ሌላ ሥራ ደግሞ የሚያወሳው ዋሽንት የሚነፋ እረኛን ነው። ይህን ባነበብን ጊዜ የሙጃው ልጅ ከነበጎቹ ትዝ አለን።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ዶክተር አሸናፊ ተመልሰው ወደ አሜሪካ ሄዱ። በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ በ1971 የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ። በኒውዮርክ በኩዊንስ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በብራንዳይስ፣ ከ1980 ጀምሮ በፍሎሪዳ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ በ1982ም ስለ ጥቁር ሕዝብ ሙዚቃ ሥር መሠረት መጽሐፍ አሳተሙ። በዚህ መካከል በ1975 በታወቀ የሙዚቃ ሊቃውንት መጽሔት ላይ ያወጡት አንድ ጥናት አለ፤ ርእሱም የኢትዮጵያ ባለ ቅኔና ሙዚቀኛ ስለ ሆነው ስለ አዝማሪ ነው። በሙጃ አጎትየው እንደ ስድብ የጠሩት ስም በአሜሪካ ሊቃውንት ፊት እንደ ጥበብ ስም ተነግሮለታል።

በ1998ም እዚያው በአሜሪካ ዐረፉ።

ስለዚህ ይመለሳልን ለሚለው ጥያቄ ዘመዳችንን ልናታልላቸው አልፈለግንም። አንዱ ተመልሷል፤ አንዱ ተመልሶ ሄዷል። ልባችን ያዘነበት ሌላም ታሪክ አለ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በልጅነታቸው በስዊስ አገር ቫዮሊን ተምረው፣ ኋላም በካይሮ ከኮንቶሮቪች ከሚባሉ መምህር ዘንድ ተምረው ነበር። ወደ ለንደን ሄደው ትምህርታቸውን ሊቀጥሉ ሲሉ ፈቃድ ተከለከሉ። ከዚያ በኋላ ወደ እኛው ወሎ፣ ወደ ግሸን ማርያም፣ ወጡና መነኰሱ። ዓለም የፒያኖ ድርሰታቸውን ያወቀው ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ ነው፤ በ2023 በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። ያን ፈቃድ የከለከለ እጅ ማን እንደ ነበረ ለመመርመር አልተነሣንም። ይህን ጋዜጣ ከሚያነቡት መካከል ግን በየቀኑ ፈቃድ የሚፈርሙና የሚከለክሉ ብዙዎች ስለ ሆኑ ታሪኩን ማስታወስ ይገባናል። የሚመለስ ልጅ የሚቀመጥበት ወንበርም ያስፈልገዋል፤ መምህር ሆኖ የሚቀጠርበት ደመወዝ፣ መሣሪያው ሲሰነጠቅ የሚጠግንለት ሰው፣ ከውጭ አገር የምትመጣው ልሳን ሳትወደድ የሚያገኝበት መንገድ። እነዚህ ከሌሉ ልጁ ቀረ ብሎ መውቀስ ለእኛ ቀላል አልሆነልንም።

እንጀራውን በሚመለከት፣ በባሕር ማዶ ትልቅ ኦርኬስትራ ውስጥ ለክላሪኔት የሚኖረው ወንበር ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ነው። ያገኘ ሰው እስኪያረጅ አይለቀውም፤ ስለዚህ አንድ ወንበር ሲለቀቅ ተወዳዳሪው ብዙ ነው። ፈተናውም ከባድ ነው፤ ከታወቁት ድርሰቶች እጅግ አስቸጋሪው ስፍራ ተመርጦ ይሰጣል። ከእነዚህም አንዱ ጆርጅ ገርሽዊን በ1924 የደረሰው ሲሆን በመክፈቻው ክላሪኔቱ ከታች ተነሥቶ ሳይቋረጥ እየተንሸራተተ ወደ ላይ ይወጣል። ይህም አነፋፍ የመጣው የመጀመሪያው ነፊ በልምምድ ላይ ቀልዶ እንዲያ አድርጎ ስለ ነፋውና ደራሲው ስለ ወደደለት ነው ይባላል።

የወደድነው ግን የፈተናውን ሥርዐት ነው። ብዙዎቹ ኦርኬስትራዎች ተፈታኙን ከመጋረጃ በስተ ኋላ ያስቀምጡታል። ፈታኞቹ ወንድ ይሁን ሴት፣ ነጭ ይሁን ጥቁር፣ የማን ልጅ እንደ ሆነ ሳያዩ ድምፁን ብቻ ሰምተው ይፈርዳሉ። እኛ በችሎት ስንት ዘመን ስንጽፍ ኖረናል፤ ባለጉዳዩ ሲገባ የዳኛ ዐይን በመጀመሪያ ወደ ጫማው፣ ቀጥሎ ወደ አቤቱታው ሲሄድ አይተናል። እንዲህ ያለ መጋረጃ ለኛም ቤት ቢሰቀል ብለን የተመኘንባቸው ቀኖች አሉ።

ወንበር ያላገኘው፣ ያገኘውም ቢሆን ኑሮውን የሚያደላድለው በማስተማር ነው። ትምህርቱ እንደ ሌላው ሃምሳና ስልሳ ተማሪ በአንድ ክፍል ሰብስቦ የሚሰጥ አይደለም። መምህሩ ነፍቶ ያሰማል፤ ተማሪው ይደግማል፤ መምህሩ ያርማል፤ ደግሞ ይነፋል። ይህን ስንሰማ ባዕድ አልሆነብንም። የላስታ ልጅ ዜማ ለመማር ስንቁን ይዞ ወደ ጋይንት ይወርዳል፤ በቤተ ልሔም ድጓ፣ በዙር አባ ዝማሬ መዋሥእት ያስመሰክራል። ግዕዙን፣ ዕዝሉንና አራራዩን ለመለየት፣ ምልክቱንም ለማወቅ ብዙ ዓመት ከመሪጌታው እግር ሥር ይቀመጣል። ከጨረሰም በኋላ መንደሩ ላይመለስ ይችላል፤ በሌላ አገር ደብር ተቀምጦ የሌላውን ልጅ ያስተምራል። እናት ታለቅሳለች፤ ነገር ግን ልጄ ተዋረደ ብላ አይደለም። ለክላሪኔት ነፊም የሚያስፈልገው ዘመን ከዚህ አያንስም። ዘመዳችን የመሪጌታን አባት እንደሚያከብሩ ስለምናውቅ በመልሳችን ይህን ምሳሌ አስቀደምነው።

በመጨረሻም የሚከተለውን ጻፍንላቸው። ልጁ ለመግቢያ ፈተናው ይምጣ፤ ከእኛ ቤት ያርፋል። ዋሽንቱን ሳይደብቅ ይዞ ይምጣ፤ ጆሮውና ትንፋሹ የሚታወቀው በእርሱ ነው። ስለ መሣሪያ ግዢ በሬ አይሸጥ። መጀመሪያ ፈተናውን ይለፍ፣ ከትምህርት ቤቱም ዕቃ ይጀምር፤ መግዛት የሚያስፈልግ እንደ ሆነ ከመምህሩ ጋር መክረን እንገዛለን። ፈተናውን ባያልፍ ግን ሕጉም ሒሳቡም በስፍራው አለ፤ ማንም አያፍርበት። አጎትየውን በሚመለከት፣ በሚቀጥለው ሰርግ አዝማሪውን ከማዕዳቸው አስቀርበው ከበሉ በኋላ ክርክራቸውን እንደ ገና እንሰማለን አልናቸው።

ይህን ከላክን ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ። አባትየው ልጁ ከፋሲካ በኋላ እንደሚነሣ ከነገሩን በኋላ ከታች በኩል አንድ ነገር ጨምረዋል። በመጀመሪያው ቀን ያለቀሱት ባለቤታቸው፣ ልጁ ምናልባት ለዕረፍት መሣሪያውን ይዞ ቢመጣ የት እንደሚሰቅሉለት ይጠይቃሉ፤ ከምድጃው በላይ ነው ወይስ ከበሩ አጠገብ?

ሙጃ ውርጭ የሚወርድበት ደጋ ስለ ሆነ ጥያቄው የዐዋቂ ጥያቄ ነው። ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቀን የመለስነው ይህ ነው። ከሁለቱም አይሰቀል። ጢሱና ሙቀቱ እንጨቱን ያደርቀዋል፤ በበሩ የሚገባው ብርድ ደግሞ ያኰማትረዋል፤ ቀዝቅዞ ሳለ ትኩስ ትንፋሽ ድንገት ሲገባበት ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከመንፋቱ በፊት የላይኛውን ክፍል በእጁ ይዞ ጥቂት ያሙቀው፤ አዲስ ከሆነም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይንፋው። ነፍቶ ሲጨርስ ውስጡን በንጹሕ ጨርቅ ይጥረግ። ልሳኖቹን አንዷን ብቻ ከማድከም እያፈራረቀ ይጠቀምባቸው፤ በጠፍጣፋ ነገር ላይ አጋድሞ ያኑራቸው። መሣሪያውንም ከነማኅደሩ ከጓዳ ከእንጨቱ ሣጥን፣ ከጋቢዎቹ መካከል ያስቀምጡለት።